ከ«እና» በኋላ ያለው ስም

ጃንዋሪ 12

ብሬንዳ ደወለች። ብሬንዳ የመጽሐፌ አዘጋጅ ናት፤ ኒውዮርክ ተቀምጣ እዚህ ሚኒሶታ ድረስ ታዘኛለች። «ይቅርታ በአምስት እርምጃ» የተባለው መጽሐፌ ሁለተኛ እትሙ ሊወጣ ነው።

«ፕሮፌሰር ኦስቢ፣ አንባቢ እኮ ምክር ጠግቧል» አለችኝ። «አሁን የሚፈልገው መካሪው ራሱ መድኃኒቱን ሲውጥ ማየት ነው።»

ስለዚህ ለሰው ሁሉ የማዘውን የቂም ማስታወሻ እኔው ልይዝ ነው፤ እሷም ከመጽሐፉ ጀርባ ታትመዋለች። ደንቡ ቀላል ነው፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። የሆነውን ጻፍ፣ በመጨረሻ ቂምህን ከዜሮ እስከ አስር ለካ።

ችግሩ፣ እኔ ቂም የለኝም። ዕድሜዬን ይቅርታን ሳጠና ኖሬ ቂም ከየት ይመጣል? ይህንኑ ስነግራት «ትንሽም ቢሆን ፈልገው ያግኙ እንጂ፤ ገጹ ባዶ አይሁን» አለች። እሺ፣ እፈልጋለሁ።

የዛሬ ቂም፦ ዜሮ።

ጃንዋሪ 15

በረዶው ከጉልበት በላይ ነው። መኪና ማቆሚያዬን ጎንበስ ቀና ብዬ የጠረግሁት እኔ፣ የቆመበት ግን የሶሺዮሎጂው ሰውዬ። ይቅር አልኩት። አምና በዚሁ ሳምንት ቆሞበት ነበር፣ ካቻምናም እንደዚሁ፤ ያኔም ይቅር ብዬዋለሁ። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር በቃሌ ነው።

ከዚያ የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ። ግማሹ ያለቀው ማቀዝቀዣ ውስጥ የሰው እርጎ ማን በላ በሚል ነው። የሰውን ልጅ ጠባይ ለማጥናት ደመወዝ የሚከፈለን ሰዎች፣ እርጎ የበላውን ማወቅ አቃተን። በመጨረሻ ኃላፊያችን ዴኒዝ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ደስም የሚል፣ የሚያሳዝንም ዜና አለኝ። ጎርደን በሜይ ጡረታ ይወጣል።»

ሁሉም «አይይ!» አለ። እኔም አልኩ፤ እንዲያውም ቀደም ሳልል አልቀረሁም።

«የመሸኛውን ዋና ንግግር ማን እንደሚያደርግ መቼም መናገር አያስፈልገኝም» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ፒልቸርና ኦስቢ! መርፌና ክር!»

መርፌው እሱ ነው ማለት ነው።

አንባቢ እንዳይቸገር ነገሩን ላስረዳ። እኔና ጎርደን ፒልቸር ወጣት ሳለን አንድ ጥናት ሠራን። ተማሪ ጠርተን እናስጠብቃለን። ረዳታችን በአጠገቡ የሚያልፍ መስሎ የቤት ሥራው ላይ ቡና ይደፋበታል። ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ ምን ላድርግ፣ ሰው ገፍቶኝ እኮ ነው» ይላል። ለሌሎቹ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ዝም። ምክንያት ያልደረደረው በቀላሉ ይቅር ተባለ። ይኸው ነው። ዓለም ስለ ይቅርታ አጠያየቅ የሚያውቀው ሁሉ ከዚያች ከተደፋች ቡና ተቀዳ።

ሐሳቡ የኔ ነበር። ቡናውንም ያፈላሁት እኔ ነበርኩ። ልፋቱ ግን የሁለታችንም እኩል ስለነበር፣ በሙያችን እንደሚደረገው የማን ስም ይቅደም ብለን ሳንቲም ወረወርን፤ ኮፒ ማሽኑ ክዳን ላይ። እሱ አሸነፈ። በጽሑፉ ግርጌ ሰፍሯል፦ «የስማችን ቅደም ተከተል በሳንቲም ዕጣ የተወሰነ ነው።» ግርጌ ማን ያነባል? «ፒልቸር እና ኦስቢ» ተብሎ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ «የፒልቸር ውጤት» ሆኖ ቀረ። መማሪያ መጽሐፉ እንደዚያ ይለዋል፣ ሬዲዮው እንደዚያ ይለዋል። ባለፈው የጥርስ ሐኪሜ መሣሪያውን አፌ ውስጥ ከትቶ «የፒልቸር ውጤት የሚባለውን ያውቁታል?» አለኝ። ለመመለስ አልተመቸኝም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ግን ተወግቼም ረስቻለሁ። መጽሐፌ ውስጥ አራተኛው እርምጃ ይኸው ነው።

የዛሬ ቂም፦ ዜሮ። (ለሶሺዮሎጂው ሰውዬ አንድ።)

ጃንዋሪ 25

ከሎሬታ ጋር ሐይቁ ዳር በእግር ሄድን። ባለቤቴ ብርዱን ትወደዋለች፤ እኔ እሷን ስለምወድ እሄዳለሁ። ሐይቁ ግግር በረዶ ሆኗል፤ በላዩ ላይ በረዶውን ቀድደው ዓሣ የሚያጠምዱባቸው ትንንሽ ቤቶች ተደርድረዋል። የጎርደን ከዳር ለብቻዋ ናት። የቤቷ ባለቤት ስሙን በሩ ላይ በጉልህ ይጻፍ የሚል ሕግ አለን፤ ጎርደን ቀይ ቀለም መርጧል። ሕግ ባይኖርም ይጽፈው ነበር። ካለንበት ቀይ ቀይ ነገር ብቻ ነው የሚታየው፤ ምን እንደሚል ለማወቅ መቅረብ አላስፈለገኝም። የሱን ስም ተጽፎ አይቼ ጠግቤአለሁ።

ድሮ፣ ይህችን ቤት ሳይሠራት በፊት፣ አብረን እንወጣ ነበር። እኔ ትኩስ ነገር በፔርሙዝ እይዛለሁ፣ እሱ ስላመለጠው ዓሣ ይዋሻል። ዓሣው በየሳምንቱ ያድጋል።

«ዘንድሮም ደውሎ ነበር» አለች ሎሬታ። «ቅዳሜ ይምጣ ብሏል።»

«ቅዳሜ ሥራ አለብኝ።»

«ልጆቻችን አድገው እስኪያገቡ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ! እንዳንተ ያለ ደግ ሠርቶ የሚደበቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ስለ መጽሐፉ መሆን አለበት። እውነቷን ነው፤ በቂ አላስተዋወቅኩትም።

ቂም፦ ዜሮ።

ፌብሩዋሪ 3

ዛሬ ለአንደኛ ዓመቶች ስለ ትዝታ አስተማርኩ። በየዓመቱ የምወደው ትምህርት ነው። «ትዝታ ፎቶግራፍ አይደለም» አልኳቸው። «በጠራነው ቁጥር እንደገና የምንጽፈው ነገር ነው። ሰው ደጋግሞ ያነበበውን ነገር በዓይኔ በብረቱ አየሁ ብሎ ይምላል። ምስኪን የሰው ልጅ!»

ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች። «ፕሮፌሰር፣ እርስዎም?»

«እኔማ ባለሙያ ነኝ» አልኳት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለምን እንደሳቁ አልገባኝም፤ የቀለድኩ አልመሰለኝም ነበር።

ፌብሩዋሪ 11

በጥድፊያ። ጎርደን ኮሪደር ላይ ያዘኝ። የዳሌ መገጣጠሚያው በኦፕሬሽን ከተቀየረ ወዲህ በከዘራ ነው የሚሄደው። ትከሻዬን ጨብጦ «ሃርላን፣ ያቺን ነገር ሳልናገራት ከዚህ ቤት አልወጣም» አለኝ።

«የትኛዋን?»

«አንተማ ታውቃታለህ!» ብሎ ሳቀና ከዘራውን እያንኳኳ ሄደ።

ገብቶኛል። የሳንቲሙን ታሪክ በመሸኛው ቀን ለሰው መሳቂያ ሊያደርጋት ነው። እንዴት እንዳሸነፈኝ። ኬክ እየበላ።

ቂም፦ ዜሮ። የደም ግፊቴ ግን ጥሩ አይደለም፤ ጨው ይሆናል።

ፌብሩዋሪ 20

ለኢንሹራንስ ኩባንያ ሠራተኞች የይቅርታ ሥልጠና። አስተዋዋቂዋ «ከታላቁ ፒልቸር ጋር የሠሩ» ብላ አስተዋወቀችኝ። አጨበጨቡ። ለሱ ነው ለኔ?

ሁለተኛው እርምጃ ላይ ሰዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለ በዳያቸው ያወራሉ። አንድ የጉዳት ገማች ጥንድ አጥቶ ከኔ ጋር ተቀመጠ። የተጋጨ መኪና ሲያይ የኖረ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«እርስዎስ ይቅር ያላሉት ሰው አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም።»

«ታዲያ ጥርስዎን ምን አስነከሰዎት?»

ቂም፦ ዜሮ። ምሳው መጥፎ ነበር።

ማርች 4

ማይክሮዌቩ አጠገብ። ሾርባዬን ይዤ ከበሩ ውጭ ነበርኩ፤ ውስጥ ቴሳ ከአንዱ ጋር ታወራለች። ቴሳ ባለፈው ዓመት የቀጠርናት ወጣት መምህርት ናት፣ ጎበዝ ናት፣ እኔው ነበርኩ የደገፍኳት።

«ኦስቢ ይቅርታን ማጥናቱ እኮ» አለች፣ «ስኳር ያለበት ሰው ኬክ ቤት እንደ መክፈቱ ነው።»

ተሳሳቁ። እኔም ገባሁና አብሬ ሳቅሁ። ቴሳ እንደ ቲማቲም ቀላች።

«ፕሮፌሰር፣ እኔ እንኳ... ማለቴ...»

«ምንም አይደለም፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።

ፊቷ ጭራሽ ባሰበት። ሾርባዬን ሳላሞቅ ወጣሁ።

ማርች 10

ዴኒዝ ቢሮዬ መጣች። ታድሶ የተጠናቀቀው ላብራቶሪ ስም ሊሰጠው ነው። በመሸኛው ዕለት ሰሌዳ ይገለጣል፦ «የጎርደን ፒልቸር ላብራቶሪ።»

ቡናው የተደፋበት ክፍል! ምንጣፉ ላይ የነበረውን ቡና ተንበርክኬ ያጠብኩት ክፍል!

«ደስ አይልም?» አለች።

«በጣም!»

«ሰሌዳው ገና አልተቀረጸም። ሐሳብ ካለህ...»

ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ይቅርታን የሚያስተምር ሰው «የኔስ ስም?» ብሎ እንዴት ይጠይቃል? መልሼ ዘጋሁት። ዴኒዝ «አንተ እኮ ልዩ ሰው ነህ» ብላኝ ሄደች።

ከ«እና» በኋላ መኖርን ለምጄዋለሁ። አሁን «እና»ዋም ራሷ ቀረች።

የዛሬ ቂም፦ ግማሽ። ብሬንዳ ደስ ይበላት።

ማርች 18

አገኘሁት! ቀልድ ነው መፍትሔው።

በመሸኛው ላይ ሰው መቀለዱ ልማዳችን ነው፤ ተሸኚው እየሳቀ ይሰደባል። እኔም የሳንቲሙን ታሪክ እሱ ሳይቀድመኝ እነግራለሁ። ሐሳቡ የኔ፣ ቡናው የኔ፣ ሳንቲሙ የሱ! ከዚያ ከኪሴ ሳንቲም አወጣና «ጎርደን፣ እስቲ ድጋሚ እንወርውር!» እለዋለሁ። ሰው ይስቃል። ሲስቅ ግን ይሰማል። ማንም ቂመኛ ሊለኝ አይችልም፣ ሁሉም ግን ያውቃል። ዴኒዝም ሰሌዳዋን ታስብበታለች።

ከመስተዋት ፊት ተለማመድኩት። ፈገግታዬ ትንሽ ጥርስ ይበዛበታል።

ማርች 29

በረዶው ከሥሩ እየሳሳ ነው። ቤቶቹን ሁሉ ከሐይቁ አውጥተዋል። የጎርደንን የዓሣ ቤት ሁለት ጎረምሶች በመኪና ሲጎትቱለት ከድልድዩ ላይ አየሁ። እሱ ከዘራውን ተደግፎ ዳር ቆሞ ነበር፤ እጁን አወዛወዘልኝ። አላየሁትም።

አየሁት። ግን መኪና እየነዳሁ ነበር።

ማታ ሎሬታ እንዲህ አለችኝ፦ «ጎርደንና ቤቲ ቤታቸውን ሸጡ፤ አሪዞና ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። ሰውዬው ሳይሄድ አንድ ቀን አብራችሁ ብትቀመጡ ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም። እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም።»

«አይ እንግዲህ! እሱ ሲጠራ ፊትህ እንደ ተዘጋ መስኮት ነው የሚሆነው። ምን አስቀየመህ?»

«አልፏል። ይቅር ብያለሁ።»

«ምኑን?»

«ይቅር ያልኩትን ነገር ማንሳት ይቅር አለማለት ነው፤ ሦስተኛው እርምጃ።»

ሎሬታ ከእራት የተረፈውን ምግብ ጥርቅም አድርጋ ከደነችው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችና ወጣች። መጽሐፌን አላነበበችውም መሰለኝ።

ኤፕሪል 9

ፈተና ማረም። ኮሚቴ። ሰሌዳው እየተቀረጸ ነው አሉ። ቂም፦ ለመለካት ጊዜ የለኝም።

ኤፕሪል 22

የመጨረሻው ፈተና ላይ «የፒልቸርን ውጤት አብራራ» የሚል ጥያቄ አለ። ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የመጣ ነው። አንድ ተማሪ እንዲህ ጽፏል፦ «ፒልቸር የተባለ ሳይንቲስት ሰው ላይ ቡና ደፋ። ረዳቱም ጠረገ።»

ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። ሌላ ምን ላድርግ?

ሜይ 6

ነገ ነው። ንግግሩ አልቋል። ሳንቲሙን መርጫለሁ፤ አዲስ የሚያብረቀርቅ። ሎሬታ ልስማው ብላኝ ነበር፣ እዚያው ትስሚያለሽ አልኳት። ብትሰማው የምትለውን ነገር ፈርቼ አይደለም። ምን ትለኛለች?

ሸሚዜን ራሴ ተኩሻለሁ። ነገ ማታ ስሜ የት እንዳለ ሁሉም ሰው ያውቃል።

ሜይ 7

ብሬንዳ ይህን ገጽ አታይም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የጎርደን ፊት የተሳለበት ኬክ አለ፤ አንዱ ከግንባሩ ላይ ቆርጦ በልቷል። የድሮ ተማሪዎች ከየአገሩ መጥተዋል። ሰሌዳው ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ዴኒዝ ጠራችኝ፤ ወጣሁ።

በጣም አማረልኝ። ይህን መደበቅ አልችልም። ቡናውን ስናገር ሳቁ፣ ምንጣፉን ስናገር ባሰባቸው። «ሐሳቡ የኔ፣ ቡናው የኔ፣ ሳንቲሙ የጎርደን!» ስል ቴሳ እንኳ ጠረጴዛ ደበደበች። ከዚያ ሳንቲሙን ከኪሴ አውጥቼ ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

«ጎርደን፣ ዕድሜ ልኬን አንድ ጥያቄ አለኝ። እስቲ ድጋሚ እንወርውራት!»

አዳራሹ ፈነዳ። ሎሬታን አየኋት፤ እሷ ብቻ አልሳቀችም። አፏን በትንሹ ከፍታ፣ ስጨነቅ እንደምታየኝ እያየችኝ ነበር።

ጎርደን ከዘራውን ተደግፎ በቀስታ ተነሳ። ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ተቀበለ።

«ሃርላን እንደ ልማዱ ራሱን አሳነሰ» አለ። «ለዚህች ቀን ብዙ ጠብቄአለሁ። እናንተ፣ ሳንቲሙ እኮ የወጣው ለሱ ነው።»

ሳቁ ቆመ።

«‹ሰው ወይስ ንስር?› አልኩት። ‹ሰው› አለ። ሰው ወጣ። በዓይኔ አየሁት። ያን ዓመት ኮንትራቴ ሊያልቅ ነበር፤ ስሜ ቀድሞ የወጣበት አንድ ጽሑፍ እንኳ የለኝም፤ ቤቲ ደግሞ አርግዛለች። ይህ ሰውዬ ሳንቲሙን አፈፍ አድርጎ ኪሱ ከተተና ‹ንስር ነው፤ አንተ ቅደም› አለኝ። ‹ኧረ ሰው ነው!› ስለው ‹ዓይንህን ታከም› አለኝ። ግርጌው ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር የጻፋትም እሱ ነው፤ ውለታ ነው እንዳይባልብኝ። እንዳልናገር አስማለኝ። በዚያች ጽሑፍ ተቀጠርኩ፣ በዚያች ጽሑፍ ልጆቼን አሳደግሁ። እንግዲህ ዛሬ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ መሐላውም አብሮኝ ጡረታ ይውጣ።»

መጀመሪያ ቤቲ ተነሳች፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ለኔ ነው የተነሱት። ለኔ! ለዚህች ጭብጨባ ስንት ዓመት ቋምጫለሁ። ቴሳ እያለቀሰች ነበር። እኔ ሳንቲሜን ከፍ አድርጌ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ እጄን ማውረድ ረሳሁ።

ምንም ትዝ አላለኝም። ምንም። ኮፒ ማሽኑ ትዝ ይለኛል፣ ሳንቲሙ ሲሽከረከር ትዝ ይለኛል፣ ንስሩ ትዝ ይለኛል። ክንፉን ዘርግቶ ይታየኛል። እምልበት ነበር።

ዴኒዝ ጆሮዬ ሥር መጥታ «ሰሌዳው ይቀየራል። ያንተ ስም ነው የሚቀድመው» አለችኝ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«ተይው» አልኳት። ከኀፍረት ነው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«እንዲህ ያለ ትሕትና!» ብላ ጭራሽ ተንሰቀሰቀች።

መኪና ውስጥ ሎሬታን ጠየቅኋት። «እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«ጎርደን ያለው።»

መኪናውን ዳር አስያዘች። «አንተ፣ አሞሃል? ያኔ ሦስት ቀን አኩርፌህ አልነበር? የቤት ዕዳ ተሸክመን ስሙን ለሰው ይሰጣል ብዬ! አንተ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ እያፏጨህ ዋልክ። ያኔ ነው ጥሩ ሰው እንዳገባሁ ያወቅሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሠራኸውን ላንተው? መቼ ጠየቅኸኝ? ከጎርደን ስትርቅ የሰጠኸው ቆጭቶህ ነው ብዬ አዘንኩልህ። ምን አስቀየመህ ስልህ ‹አልፏል፣ ይቅር ብያለሁ› ነው። ምኑን ስልህ እርምጃ ትቆጥርልኛለህ።»

አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ጠረጴዛ ደብድቤ «ያ ሰውዬ ስሜን ወሰደብኝ!» ብዬ ብጮህ ኖሮ፣ ሎሬታ እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ስቃብኝ ነገሩ ያልቅ ነበር። ከእራት በፊት። እኔ ግን ይቅር ባይ ስለሆንኩ አልጮህኩም።

ግርጌዋን ጽፌአት፣ ከዚያ በየዓመቱ ለተማሪ እያነበብኩ፣ እያነበብኩ፣ አመንኳት። የሰጠ ረሳ፣ የተቀበለ አልረሳም።

የዛሬ ቂም፦ በማን ስም ልሙላው?

ሜይ 10

ብሬንዳ ሰምታለች፤ አንዱ ቪዲዮ አንሥቶ ነበር። «ፕሮፌሰር፣ ይህ እኮ የመጽሐፉ መግቢያ ነው! ስሙን የሰጠው ሰው! ደብተሩን አሁኑኑ ይላኩልኝ!»

«አልጻፍኩም» አልኳት።

«አንድም ቀን?»

«ቂም አልነበረኝማ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በውሸቴ አፍሬ ስልኩን ዘጋሁት።

ሜይ 16

ጎርደንና ቤቲ ዕቃቸውን ግቢ ውስጥ ዘርግተው እየሸጡ ነው። መብራት፣ ድስት፣ የልጆች መንሸራተቻ፣ አንድ ሳጥን ሙሉ የሙያችን መጽሔት። መጽሔቱን የሚነካ የለም። ሎሬታ «ሂድ እንግዲህ» ብላ ከመኪናው ገፋችኝ።

ጎርደን ጋራዡ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። «መጣህ?» አለ።

«መጣሁ።»

አንዲት ሴትዮ መጥበሻ ይዛ ዋጋ ጠየቀችው፤ «ውሰጂው፣ ውሰጂው» አላት።

«ሃርላን፣ ለምን ነበር የማትመጣው?» አለኝ ሴትዮዋ ስትሄድ። «በየክረምቱ ደወልኩ።»

«አንተስ ለምን አንድ ቀን ይዘህ አትጠይቀኝም ነበር?»

«ውለታ የበላ ሰው ምን አፍ አለው? ቆጭቶት ነው፣ ሲያየኝ ያመዋል ብዬ ተውኩህ።»

የምጠይቀውን ይቅርታ ሌሊቱን ሙሉ አሰላስዬ ነበር የመጣሁት። «ስማ ጎርደን፣ ትዝታ የሚባለው ነገር ታውቃለህ፣ ሰው አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ ሲያነብ አእምሮው ያንን እንደ...»

«ሃርላን።»

«እ?»

«ምክንያት እየደረደርክ ነው።»

አፌን ዘጋሁ። ፊቴ ጋለ። ስንት ዓመት ያስተማርኩት፣ ቡና ያስደፋሁበት ነገር።

«ይቅርታ» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከዚያ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። ጎርደን መሬት መሬቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የኔም።

«በል ተነሳ፣ የዓሣ ቤቷን ተሰናበታት» አለ። «ለጎረቤቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ። አሪዞና በረዶ የለም።»

ከጋራዡ ጀርባ ተጎታች ላይ ተጭና ቆማለች። በሯ ወደ እኛ ነበር። ቀዩ ጽሑፍ በሰፊው፣ በእጅ የተጻፈ፦ «ኦስቢ እና ፒልቸር»።

ደግሜ አነበብኩት።

«ቀለሙን በየመኸሩ አድሰዋለሁ» አለ ጎርደን። «ሕግ ነው።»

«ሕጉ የባለቤቱን ስም ነው የሚለው።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

በሩን ከፍቼ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ወለሉ ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ ከየቀዳዳው አጠገብ አንዳንድ የሸራ ወንበር። በቅርቡ ያለው ላይ ዘጭ አልኩ።

«እሱ የኔ ነው» አለኝ ከበሩ። «ያንተ ያኛው ነው።»

«በምን ለየሃቸው?»

«እየው እንጂ፤ የኔ እኮ አልቋል።»

እውነቱን ነው። የተቀመጥኩበት ሸራ ጎድጉዶ፣ ጠርዙ ተተልትሎ መሬት ሊነካ ነው። ያኛው ከሱቅ እንደወጣ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ያለው መስመር እንኳ አልጠፋም።

ተነሳሁና ሄጄ ተቀመጥኩበት። ሸራው ገና ጠንካራ ነበር።